የማንም ያልሆነው ናሙና

ያየሁትን ነው የምጽፈው። ያላየሁትን አልጨመርኩም።

ካላመናችሁኝ አልቀየማችሁም። እኔም በሌላ ሰው ደርሶ ቢነገረኝ "ሽማግሌው ጃጅቷል" ብዬ አልፈው ነበር።

ግን ሆኗል። ባለፈው ነሐሴ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ፣ እዚሁ መካኒሳ አቦ አካባቢ ባለ አንድ ክሊኒክ ግቢ ውስጥ። ሰማዩ ጠቁሮ ነበር እንጂ ቀን ነው። ሰው ሁሉ ሥራ ላይ ነው።

በንቲ እባላለሁ። ሰፈሩ ገና የጤፍ ማሳ ሳለ እዚሁ ተወለድኩ። ትምህርቴ ብዙ አይደለም። ዕድሜዬን የጨረስኩት የፋብሪካ በር ላይ ዘብ ቆሜ ነው። የሚገባና የሚወጣ ሰው ማየት ልማዴ ሆኖ ቀርቷል።

የምንኖረው ከባለቤቴ ከሞልቱ ጋር ሁለት ብቻ ነን። ሞልቱ ከአልጋ አትወርድም። እግሯ ከያዛት ቆይቷል፤ አምና ደግሞ ሳንባዋ ታመመ። ያከማት ሐኪም ስንወጣ ክንዴን ይዞ ወደ ጥግ ወሰደኝ።

"አባቴ፣ ከእንግዲህ ጉንፋንም ቢሆን ወደ እሷ እንዳይገባ። አንዴ ከያዛት አትችለውም።"

ከዚያ ወዲህ ለማስነጠስ እንኳ ከቤት እወጣ ነበር።

በነሐሴ ግን ያዘኝ። ጉሮሮዬን ከረከረኝ። አፍንጫዬ መፍሰሱን አላቆም አለ። በረንዳ ላይ ማደር ጀመርኩ። ምግቧን ሳቀርብላት ፊቴን በነጠላ ጠቅልዬ ነው።

"ሽፍታ መስለሃል" አለችኝ ሞልቱ። "ልታበላኝ ነው የመጣኸው ወይስ ልትዘርፈኝ?"

"ዝም ብለሽ ብዪ።"

"እሺ ጌታዬ፣ ብቻ አትተኩስ።"

እሷ ትስቃለች። እኔ አልሳቅኩም። የያዘኝ ነገር ምን እንደሆነ ማወቅ ነበረብኝ። ክሊኒኩ የጉንፋኑን ዓይነት ወዲያው የሚናገር አዲስ ማሽን እየፈተነ ነው፣ ፈቃደኛ ሰው ይፈልጋል ሲባል ሰማሁ።

ሄድኩ።

በሩን ከውጭ ቆለፍኩት። ሁልጊዜም እንዲሁ ነው። ግቢው ተከራይ ይበዛበታል፣ እሷ ተነስታ መዝጋት አትችልም። ቁልፉ አንድ ነው። ኪሴ ከተትኩት።

"ቶሎ ና" አለችኝ ከውስጥ።

"መጣሁ።"

...

ናሙና የሚወስዱት ጓሮ ባቆሙት ኮንቴነር ውስጥ ነበር።

ውስጡ ነጭ ቀለም ተቀብቷል። ጠረጴዛና ሁለት የፕላስቲክ ወንበር አለው። በሩ ከባድ ብረት ነው፤ መወርወሪያው በውጭ በኩል ነው። መስኮቱ አንድ ብቻ ነው፤ ብየዳ ቤት ቆርጠው መስታወት የገጠሙለት።

ይህን ሁሉ ገና ስገባ አይቻለሁ። ዘብ የሆነ ሰው መጀመሪያ መውጫውን ነው የሚያየው።

ናሙና የምትወስደው ልጅ ቤተልሄም ትባላለች። ማስክ አድርጋለች፤ የሚታየው ዓይኗ ብቻ ነው።

"አባባ፣ እዚህ ይቀመጡ። መስኮቱ ግን አይዘጋም፣ እሺ? አየሩ እንዲወጣ ነው።"

"ብርድ እኮ ነው የሚገባው፣ ልጄ።"

"ብርድ አይገድልም አባባ።"

"አንቺን አይገድልሽም።"

ዓይኗ ሳቀ። ጫፉ ጥጥ የሆነ ረጅም ዘንግ አወጣችና አፍንጫዬ ውስጥ ከተተችው። እንባዬ ወረደ።

"ምን ጠፍቶባችሁ ነው እዚያ ድረስ?"

"ገና አልደረስኩም፤ ትንሽ ይቻሉኝ።"

ሁለት ወሰደች። አንዱ እዚያው ክሊኒኩ ላቦራቶሪ ላለው ለአዲሱ ማሽን፣ ሌላው ከክሊኒኩ ውጭ ትልቁ ላቦራቶሪ ላለው ለነባሩ። ሁለቱ የተለያየ ከተናገሩ አዲሱ አይታመንም አለችኝ። ብልቃጦቹ ላይ ነጭ ወረቀት ለጠፈች።

ከዚያ ሌላ ዘንግ ፈታች። እኔንም አልነካችበትም፣ እሷንም አልነካም። አየር ላይ ትንሽ ይዛው ቆየችና ብልቃጥ ውስጥ ነከረችው። ይሄኛው ላይ ቢጫ ለጠፈች።

"ይሄስ የማን ነው?"

"የማንም አይደለም።"

"ማንንም ሳትይዙ ነው የምትመረምሩት?"

"ማሽኑ እንዳይዋሸን ነው አባባ። ባዶውን ባዶ ካላለ፣ የእርስዎን ቢነግረኝ በምን አምነዋለሁ?" ብልቃጡን ወደ ብርሃን አነሳችው። "መጀመሪያ ናሙናው ላይ የሰው ነገር አለ ወይ ብሎ ይፈልጋል። ከሌለ 'ሰው የለበትም' ይላል። ካለ ነው በሽታውን የሚፈልገው።"

ገባኝ። እንደ ዘብ ነው። መጀመሪያ ሰው መሆንህን ያያል፣ ከዚያ የያዝከውን ይፈትሻል።

ብልቃጦቹን ይዛ ወጣች፤ ብዙም አልቆየች። ከላቦራቶሪው ስትመለስ ኮቷ ላይ የዝናብ ጠብታ ነበር።

"ኢንፍሉዌንዛ ነው አባባ።"

"ባዶውስ?"

"ባዶው ባዶ ነው። ማሽናችን ጨዋ ነው።"

"ባለቤቴ ሳንባዋን ታማለች። ቤት መግባት እችላለሁ?"

ዓይኗ መሳቁን አቆመ።

"እስኪሻልዎት ባይገቡ ነው የሚሻለው።"

በልቤ ወሰንኩ። የእህቴን ልጅ ሌንሳን ከጀሞ እጠራታለሁ። ቁልፉን ደጅ ላይ እሰጣታለሁ። እኔ አልገባም።

ያኔ ወጥቼ ብሄድ ኖሮ...

"አንድ ጊዜ ደግሜ ልወስድ ነው" አለች ቤተልሄም። "ማሽኑ ሁለተኛም ያንኑ ይላል ወይ ብለን ነው። ዘንግ አልቆብኛል፤ ይዤ መጣሁ።"

ወጣች። ዝናቡ ጠነከረ። በመስኮቱ የገባው ንፋስ አንገቴን መታኝ።

ተነስቼ ዘጋሁት።

አስቤ አይደለም። እዚህ ከተማ ታክሲ ውስጥ መስኮት የሚከፍት ሰው ሲሰደብ ነው የኖርነው። እጄ ሄዶ ዘጋው፤ በቃ።

ክፍሉ ጸጥ አለ።

ከዚያ... ከኋላዬ ሰው አስነጠሰ።

"ይማርህ" አልኩ።

አፌ ነው ያለው። ሰው ሲያስነጥስ "ይማርህ" ይባላል፤ ማን ነህ ተብሎ አይጠየቅም።

"ያኑርህ" አለኝ።

በሹክሹክታ።

ዞርኩ።

ሁለተኛው ወንበር ባዶ ነው። ከወንበሩ ኋላ ግድግዳ ነው። ከግድግዳው ኋላ የክሊኒኩ አጥር ነው። ሰው የሚቆምበት ቦታ የለም።

ከውጭ ነው አልኩ። ብረት ድምፅ ያስተላልፋል አልኩ።

ከዚያ አንድ ነገር ልብ አልኩ። አፍንጫዬ ደርቋል። ጉሮሮዬ አይከረክርም። ስንት ቀን ሲያሠቃየኝ የነበረው ጉንፋን ከላዬ ላይ የለም።

...

ቤተልሄም ተመልሳ መጣች። መስኮቱን አየችው።

"አባባ! ምን አልኩዎት?"

"ዝናቡ ይገባል።"

የዝናቡን ብርታት አየችና ተወችው። "እሺ፣ ቶሎ እንጨርስ።"

ዘንጉ ገባ። አሁን እንባዬ አልወረደም። ምንም አልተሰማኝም።

"አላመመዎትም?"

"ኧረ ምንም።"

የባዶውን ዘንግ ፈታች። እንደ ቅድሙ አየር ላይ ያዘችው። ከባዶው ወንበር በላይ።

አየሁት። እሷ ብልቃጡን እየከፈተች ስለነበር አላየችም። ጥጡ ብልቃጥ ውስጥ ሳይገባ... ረጥቧል።

ምን እላለሁ?

ይዛ ሄደች። ስትመለስ ዶክተሩን ይዛ ነው። ዶክተር ኖላዊ ይሉታል፤ ፈተናውን የሚመራው እሱ ነው። በሩ ላይ ጃንጥላ ይዘው ቆሙ። የሚያወሩት በሹክሹክታ ነው፤ ጆሮዬ ግን ደህና ነው።

"ቀይረሽዋል ቤቲ።"

"አልቀየርኩም ዶክተር።"

"ነጩ ሰው የለበትም አለ። ቢጫው ሰው አለበት አለ። ኢንፍሉዌንዛም አለበት። ካልቀየርሽው ምን ማለት ነው?"

"በእጄ ነው የለጠፍኩት። እያየሁ።"

"ሰው ነው የሚሳሳተው፤ አትናደጂ።" ወደ እኔ መጣ። "ጋሼ፣ ይቅርታ፣ እስቲ አሁን ደግሞ እኔ ልውሰድ።"

ራሱ ወሰደ። ነጩን ራሱ ለጠፈ፤ ቢጫውን ራሱ ለጠፈ። ለማንም ሳይሰጥ በእጁ ይዞት ወጣ። ቤተልሄም ተከተለችው።

"እንዳይወጡ ጋሼ፣ አሁን እንመጣለን!"

በረዶ መውረድ ጀመረ። ንፋሱ በሩን ይዞ ወረወረው።

ጓ!

ከውጭ መወርወሪያው ሲወድቅ ሰማሁት።

...

ገፋሁ። አይነቃነቅም።

መታሁ፣ ጮህኩ። የበረዶው ድምፅ ብረት ጣራ ላይ እንዴት እንደሆነ የምታውቁ ታውቃላችሁ። የራሴን ጩኸት ራሴ አልሰማሁትም።

መብራቱ ጠፋ።

በመስኮቱ የሚገባው ብርሃን አመድ ይመስላል። ጀርባዬን በሩ ላይ አስደግፌ ቆምኩ። ኪሴን ዳሰስኩ። ቁልፉ አለ። ሞልቱ ትዝ አለችኝ። እሷም ተቆልፎባታል፤ የሚከፍትላት ሰው እዚህ ተቆልፎበታል።

መስታወቱን አየሁ።

መሃሉ ላይ ጉም ይዟል። ትንሽ፣ ክብ። ሰው ተጠግቶ ሲተነፍስበት እንደሚሆነው።

ጉሙ ጠበበ... ሰፋ።

ጠበበ... ሰፋ።

ከፍታው በኔ አፍ ልክ ነው። እኔ ግን በሩ ጋ ነኝ።

እንዴት እንደደፈርኩ አላውቅም፤ ሄድኩ። ከጉሙ አጠገብ አፌን ከፍቼ መስታወቱ ላይ ተነፈስኩ። በደንብ፣ ከሆዴ።

መስታወቱ ጥርት ብሎ ቀረ።

ደገምኩ። ምንም።

አጠገቤ ያለው ክብ ጠበበ... ሰፋ።

"ቁልፉ ማን ጋ ነው?" አለኝ።

ጆሮዬ ሥር ነው። ቁልፉን ጨበጥኩት።

"ማን አለ ቤት?"

መስኮቱ ትዝ አለኝ። ሲዘጋ ነው የመጣው። ከተከፈተ ይወጣል። እጄን ወደ መያዣው ዘረጋሁ።

"ተው..." አለኝ። "ብርድ ይገባል።"

ድምፁ የኔ ነው። ጠዋት ጠዋት ሞልቱን የማናግርበት ድምፅ።

እጄ ቀጥ ብሎ ቀረ።

በሩ ተከፈተ።

...

በረዶው አባርቷል። ዶክተር ኖላዊ ጫማው ውኃ ሞልቶ ቆሟል። ቤተልሄም ከኋላው ናት፤ ማስኳን አውልቃለች። ልጅ ናት ለካ።

"ይቅርታ ጋሼ፣ መብራት ጠፍቶ በጄኔሬተር..." አለ። ቃሉን አልጨረሰም።

"ውጤቱስ?"

"ማሽኑ ተበላሽቷል መሰለኝ። ነገ እንደገና ቢመጡ..."

"ምን አለ?"

ቤተልሄም መሬት አየች። "እንደ ቅድሙ ነው አባባ።"

"እኔ ላይ በሽታ አለ ወይስ የለም?"

"አባቴ፣ የእርስዎ ናሙና ላይ እኮ ሰውም የለም" አለ ዶክተሩ።

"በሽታውስ?"

"በሽታውም የለም።"

"በቃኝ።"

አሁን ስጽፈው ሞኝነቱ ይታየኛል። ያኔ ግን የሰማሁት አንድ ነገር ብቻ ነው። በሽታ የለም። አፍንጫዬም ይህንኑ ይለኛል። የሆነውን ሁሉ እዚያ ኮንቴነር ውስጥ ትቼው መሄድ ነበር የፈለግሁት። ለሌንሳ አልደወልኩም።

ወጣሁ። ቤተልሄም በሩን ይዛልኝ ነበር።

ካለፍኩ በኋላም አልለቀቀችውም። ከኋላዬ የሚመጣ ሰው እስኪያልፍ እንደሚያዝ... ትንሽ ቆየች። ከዚያ ለቀቀችው። እጇን አየችው።

ታክሲ ያዝኩ። መስኮቱ ሁሉ ዝግ ነው፤ የሰው ትንፋሽ ጉም ሠርቶበታል። አጠገቤ ያለው ቦታ ባዶ ነበር። አንዲት እርጥብ ዘንቢል የያዘች ሴት ልትቀመጥ ስትል ረዳቱ ከለከላት።

"እናቴ፣ እዚያ ሰው አለ! ወደ ኋላ እለፊ።"

"የታል?"

ረዳቱ ወደ ቦታው አየ። ወደ እኔ አየ። "አባባ፣ አብሮዎት የገባው ወረደ እንዴ?"

ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ።

...

የቤቱ ቁልፍ እንደቆለፍኩት ነው። ማንም አልነካውም። ከፍቼ ገባሁ፤ በሩን ከኋላዬ ቶሎ ዘጋሁት። ዘግቼውም መወርወሪያውን ደገምኩ።

"ቆየህ እኮ!" አለች ሞልቱ።

"በረዶ ይዞኝ ነው። ድኛለሁ። ማሽኑ ምንም የለብህም አለኝ።"

ነጠላውን ከፊቴ አወረድኩ። ስንት ቀን ካልቀረብኳት ሴት አጠገብ፣ አልጋዋ ጫፍ ላይ ቁጭ አልኩ። እጇን ያዝኩ።

እሷ ግን እኔን አላየችም። ከትከሻዬ በላይ ወደ በሩ ታያለች። ነጠላዋን ወደ ደረቷ ሰበሰበች።

"እንግዳ ይዘህ ትመጣለህና አትነግረኝም?" አለችኝ ዝቅ ባለ ድምፅ። "እንዲህ ተዝረክርኬ..."

"የቱን እንግዳ?"

"አትቀልድብኝ። በርጩማው ላይ የተቀመጡት።"

በርጩማው በሩ አጠገብ ነው። አልዞርኩም።

"ምን ይመስላል?" አልኳት።

"አንተን ነዋ። ዘመድህ አይደሉም?"

በርጩማው ላይ ያለው አስነጠሰ።

"ይማርዎት" አለች ሞልቱ፣ አንገቷን ዝቅ አድርጋ።

"ያኑርሽ።"

ዘልዬ ተነሳሁ። መስኮታችን አንድ ነው፤ ከአልጋዋ ራስጌ። ወለል አድርጌ ከፈትኩት። ከበረዶ በኋላ ያለው ብርድ ገባ።

"ምን ሆነሃል? ዝጋው!"

"ይውጣ!"

"በንቲ፣ ነውር ነው! ሰውየውን ብርድ ይመታዋል!"

"ይምታው!"

ያኔ ሞልቱ ተንቀጠቀጠች። ከንፈሯ ወዲያው ጠቆረ። ደረቷን ይዛ አየር መሳብ አቃታት። "በረደኝ... ዝጋው፣ በእግዜር... ሳንባዬ..."

መስኮቱ ጋ ቆምኩ። ከፍቼ ብተወው ብርዱ ይገድላታል። ብዘጋው...

አቃሰተች።

ዘጋሁት።

ቀስ በቀስ ትንፋሿ ተመለሰ። አልጋው መስኮቱ ሥር ስለሆነ ትንፋሿ መስታወቱ ላይ ጉም ሠራ። ትንሽ፣ ክብ። ጠበበ... ሰፋ።

አጠገቡ ሌላ ክብ ወጣ። ከፍ ብሎ። ጠበበ... ሰፋ።

እኔ ከመስታወቱ በጣም ቅርብ ነበርኩ። አፌን ከፍቼ ተነፈስኩ።

ክቦቹ አሁንም ሁለት ብቻ ናቸው።

ሞልቱ አፍንጫዋን አሻሸች። ዓይኗን ጨፈነች።

አስነጠሰች።

"ይማርሽ" አላት፣ በኔ ድምፅ።

"ያኑርህ" አለችና ወደ በርጩማው ፈገግ አለች።

እኔ አፌን አልከፈትኩም ነበር።